ሱቁ ለሁለት፣ ጡረታው ለአንድ

ሂርና ላይ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው የሚቆጥሩት በዓይን የሚታየውን ነው፦ ቤቱን፣ የጫት ማሳውን፣ ላሟን፣ የሱቁን ዕቃ፣ ባንክ ያለውን ብር፣ የተበደሩትንና ያበደሩትን። ጡረታን የሚያነሳ የለም። ገና እጅ ያልገባ ገንዘብ ስለሆነ ሀብት አይመስልም። ለብዙ ደመወዝተኛ ቤተሰብ ግን ከቤቱ ቀጥሎ ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

ሂርና በኦሮሚያ የቱሎ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ሰው በአብዛኛው የሚተዳደረው በጫት፣ በቡናና በንግድ ነው፤ ወር በወር ደመወዝ አይቆረጥለትም፣ ጡረታም አይጠብቅም። ጡረታ ያለው መምህሩ፣ ነርሷ፣ ፖሊሱ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው ባለሙያ ነው። አንዱ ደመወዝተኛ፣ ሌላዋ ነጋዴ የሆኑበት ትዳር ሲፈርስ ሒሳቡ የሚዛባውም እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ ላንሳ። ባል መምህር ነው እንበል። 30 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ሲታሰብለት 55 በመቶ ይሆናል። በወር 5,500 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ መንግሥትም 11 በመቶ ሲጨምርለት የኖረ ነው። ያ 7 በመቶ ቤት ሳይደርስ ሲቀር ጉድለቱን የሞላው ማን ነው? ከ30ው ዓመት 24ቱን በትዳር አብራው የኖረችው፣ በሱቋ ትርፍ ዘይትና ዱቄት ስትገዛ፣ ልጆች ስታስተምር የኖረችው ሚስት ናት።

አሁን ይፋቱ። ሱቁ ውስጥ የ400,000 ብር ዕቃ ካለ፣ በትዳር ዘመን የተፈራ ነውና 200,000ው የባል ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ በግል ጥረት የተገኘ ገቢ ሁሉ የጋራ ነው ይላል፤ ኦሮሚያም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ሲያወጣ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ደመወዝ የጋራ መሆኑማ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ የታወቀ ነው። የጡረታ አዋጆቹ ግን፣ የመንግሥት ሠራተኞች 1267/2014ም ሆነ የግል ድርጅቶች 1268/2014፣ ለተፋታ ባለቤት ድርሻ የሚሰጥ አንቀጽ የላቸውም። አበሉ የሚከፈለው ላገለገለው ሰው ብቻ ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያዝ የሚችለው ለመንግሥት ዕዳና ለቀለብ ነው፤ ከፍቺ በኋላ ደግሞ ቀለብ የልጆች እንጂ የቀድሞ ሚስት መብት አይደለም።

ይባስ ብሎ ሰውየው ሌላ አግብቶ ቢሞት፣ ከአበሉ ግማሹ፣ ማለትም 2,750 ብር፣ በሞተበት ጊዜ ሚስቱ ለሆነችው ይከፈላል። 24 ዓመት አብራው የኖረችው ምንም የላትም። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ጡረታ እኮ ለነገ የተቀመጠ ደመወዝ ነው፤ ደመወዙ የጋራ ከሆነ ተቀማጩ የአንዱ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳያቸውን ሁለቱም ወደው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ለሚወስዱ ባለትዳሮች ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የእያንዳንዱ ገቢ የራሱ ስለሆነ ሱቋ ለሷ፣ ጡረታው ለሱ ይቀራል። ነጋዴዋን አይጎዳም፤ የራሷ ገቢ የሌላትን ግን ባዶ እጇን ሊሸኛት ይችላል።

ሌሎች አገሮች መፍትሔ አበጅተዋል። ጀርመን በእኛ አቆጣጠር ከ1969 ገደማ ጀምሮ በትዳር ዘመን የተጠራቀመውን የጡረታ መብት በፍቺ ጊዜ ለሁለት ታካፍላለች። ደቡብ አፍሪካም በ1981 ገደማ ባሻሻለችው የፍቺ ሕግ የጡረታ ጥቅምን ከሚከፈለው ንብረት ውስጥ አስገብታለች። በዚህ ዓይነት ስሌት የኛ መምህር ጡረታ ውስጥ የትዳሩ ድርሻ ከ30ው 24 ነው፤ ግማሹ 40 በመቶ፣ በወር 2,200 ብር፣ የሚስት ይሆን ነበር።

ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም በአሠሪው ዘንድ በስማቸው የሚጠራቀም ገንዘብ፣ ያላቸው ሠራተኞች ጉዳይ ይቀላል። ከ2003ቱ የግል ድርጅቶች ጡረታ አዋጅ በፊት ፈንዱ የነበራቸው በዚያው እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸው ስለነበር ዛሬም በእጃቸው ያለ አለ። ይህ በስማቸው የተመዘገበ፣ መጠኑ የሚታወቅ ገንዘብ ነው። ንብረት ሲቆጠር ከአሠሪው የሒሳብ መግለጫ አስመጥቶ ከሌላው ሀብት ጋር መደመር ነው። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ይቀራል እንጂ።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ በር የሚከፍተው ስምምነት ነው። ባልና ሚስት ንብረታቸውን እንዴት እንደሚካፈሉ ተስማምተው ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ከላይ ያሉት ሁለቱ «ጡረታው ለሱ፣ ሱቁ እንዳለ ለሷ» ቢሉ፣ እሷ በእነዚያ አገሮች ስሌት በዓመት 26,400 ብር ይሆን የነበረውን ድርሻዋን ትታ 200,000 ብር ታተርፋለች። የብር መርከስን ሳንቆጥር የሰባት ዓመት ተኩል ጡረታ ማለት ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ አስፍረው ቢያሳዩ ባልም እሺ ለማለት አይከብደው ይሆናል፤ በየወሩ የሚገባው አበል ሳይነካ ይቀርለታልና።

ሱቅ የሌላትስ? ዕድሜዋን ቤት ውስጥ ስትሠራ ለኖረች ሴት በጡረታው ፋንታ የሚሰጣት ነገር ላይኖር ይችላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ፣ ማሳ ከሌለ፣ ለማካካሻ የሚቀርብ ንብረት የለም። ለሷ የሚደርስላት በአዋጁ ውስጥ የሚገባ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አልተጻፈም።