ለመድረስ ያልተሠራ መንገድ

ከዋሽንግተን ዲሲ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ 70 ማይል ያህል የተጓዘ ሰው ፍሮንት ሮያል የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ዳር አንድ መንገድ ይነሳና ተራራው ጀርባ ላይ ይወጣል፤ ለ105 ማይልም ከዚያ አይወርድም። ስካይላይን ድራይቭ ይባላል። እሱ ሲያበቃ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀበላል። ይኼኛው ደግሞ በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ 469 ማይል፣ ማለትም 755 ኪሎ ሜትር፣ ተጉዞ ከግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ፣ ከቸሮኪ ከተማ አጠገብ ይቆማል።

በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ሐበሻ የመጀመሪያውን ክፍል በደንብ ያውቀዋል። በመከር ቅጠሉ ሲቀላ ቤተሰቡን ጭኖ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማታ ይመለሳል። ሁለቱን መንገዶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሚጓዙት መካከል ግን ብዙ ሞተረኞች አሉ፤ ከመላው አሜሪካ ለዚሁ ብለው ይመጣሉ። ጉዞውን ለማቀድ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት መንገዱ ለምን እንደተሠራ ነው። ፍጥነቱ፣ ቤንዚኑ፣ ማደሪያውና ወቅቱ ሁሉ ከዚያ ይከተላሉ።

የሥራ አጦች መንገድ

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። በተራራማዎቹ የቨርጂኒያና የሰሜን ካሮላይና ወረዳዎች ችግሩ የባሰ ነበር። የፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጡ ሕዝብ ሥራ ከከፈተባቸው ፕሮጀክቶች አንዱ ሸናንዶዋንና ግሬት ስሞኪን፣ ሁለቱን ብሔራዊ ፓርኮች፣ በአንድ የመዝናኛ መንገድ ማገናኘት ነበር። መንገዱ በየት በኩል ይለፍ በሚለው ቴነሲና ሰሜን ካሮላይና ብዙ ተሟገቱ፤ በ1934 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ ለሰሜን ካሮላይና ፈረዱ። ቁፋሮው መስከረም 11 ቀን 1935 በሁለቱ ግዛቶች ድንበር አካባቢ፣ ከምበርላንድ ኖብ አጠገብ ተጀመረ። እነዚህ ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንድፉን የመራው ስታንሊ አቦት ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። አቦት መንገዱን ያየው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንደሚያደርስ ነገር ሳይሆን በዝግታ እንደሚገለጥ እይታ ነው። ለዚህም መንገዱ አንዴ ጫፉ ላይ ይወጣል፣ አንዴ ወደ ማሳው ይወርዳል፣ አንዴ ጫካ ውስጥ ይሰወራል። የማስታወቂያ ሰሌዳ ተከለከለ፣ የንግድ ጭነት መኪናም እንዳይገባበት ተደረገ። ከመንገዱ ዳር ያለው መሬት ጫካ እንዳይውጠው ለገበሬዎች እየተከራየ እንዲታረስና ከብት እንዲሰማራበት ተወሰነ። ዛሬ ሞተረኛው የሚያየው አጥርና የግጦሽ መስክ በአጋጣሚ የቀረ ሳይሆን ታቅዶ የተጠበቀ ነው።

ሁሉም ግን ደስ አላለውም። የቸሮኪ ሕዝብ በደቡቡ ጫፍ ለም በሆነው የሶኮ ሸለቆ በኩል ሰፊ መሬት እንዲለቅ ሲጠየቅ ተቃወመ። ከዓመታት ክርክር በኋላ መንገዱ ሸለቆውን ትቶ ወደ ተራራው ወጣ።

ለመጨረሻ የቀረው ግራንድፋዘር የሚባለው ተራራ ጥግ ነበር። ድንጋያማውን ቁልቁለት ላለመጉዳት መሐንዲሶች መንገዱን ከመሬት አንስተው በድልድይ አሳለፉት። ሊን ኮቭ የተባለው ይህ ድልድይ 379 ሜትር ይረዝማል። በ153 የኮንክሪት ቁራጮች የተገጣጠመ ሲሆን ከሁሉም ውስጥ ቀጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ 50 ቶን ገደማ እየመዘነ፣ ቀድሞ ከተገጠመው ጫፍ ላይ እየተቀጠለ ተሠራ። ከባድ መሣሪያ ተራራውን እንዳይረግጥ ሥራው የተካሄደው ከላይ ነው። ፓርክዌዩ በሙሉ የተመረቀው መስከረም 11 ቀን 1987፣ ቁፋሮው በተጀመረ በ52ኛ ዓመቱ ነው።

ሰዓት እንጂ ማይል አይቆጠርም

የፓርክዌዩ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 45 ማይል፣ ወይም 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም ያንሳል። በስካይላይን ድራይቭ ላይ 35 ማይል ነው። ቦታው የፌዴራል መሬት ስለሆነ ሕጉን የሚያስከብሩት የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው፤ የፍጥነት ክሱም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ማቆሚያው፣ ፎቶው፣ ምሳውና ከፊት የሚዘገም መኪና ሲደመሩ በሰዓት 30 ማይል መግፋት ጥሩ ጉዞ ነው። በአውራ ጎዳና በቀን 400 ማይል የለመደ ሞተረኛ እዚህ 150 ማይል ቢያቅድ ይበቃዋል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ላይ 574 ማይል ናቸው፤ ሒሳቡ አራት ቀን ይሰጣል።

ዝግታው ለእይታ ብቻ አይደለም። ከኩርባዎቹ አንዳንዶቹ ሲገቡባቸው ሰፊ መስለው መሐል ላይ ይጠባሉ። ሞተረኛው ፍጥነቱን መቀነስና ማርሽ ማውረድ ያለበት ኩርባው ውስጥ ሳይገባ ነው። ከገባ በኋላ ዓይኑ መውጫው ላይ ይሁን፤ ሞተሩ ተጋድሞ ሳለ ፍሬን በኃይል መያዝ ጎማውን ያንሸራትተዋል። በመከር እርጥብ ቅጠል፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ ከገደሉ የወረደ ጠጠር አስፋልቱ ላይ ይገኛል። ሲነጋና ሲመሽ አጋዘን መንገድ ያቋርጣል፣ ጥቁር ድብም ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የቀኑ ጉዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢያልቅ ይመረጣል።

በፓርክዌዩ ላይ 26 ዋሻዎች አሉ፤ አንዱ ብቻ በቨርጂኒያ፣ የቀሩት በሰሜን ካሮላይና ናቸው። ረጅሙ ፓይን ማውንቴን 437 ሜትር ነው። አብዛኞቹ ውስጣቸው መብራት የላቸውም፣ አንዳንዶቹም ይታጠፋሉ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም፤ መነጽሩን ከዋሻው በፊት ማንሳት የዕቅዱ አካል ነው።

ቤንዚን ከተራራው በታች ነው

በፓርክዌዩ 469 ማይል ላይ አንድም ማደያ የለም። አቦትና ባልደረቦቹ ንግዱን ሲያርቁ ቤንዚኑንም አርቀዋል። ለመቅዳት ወደ ከተማ መውረድ ግድ ነው። መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ በማይል የተቆጠረ ነው፤ ዜሮ ዌይንስቦሮ አጠገብ ባለው ሮክፊሽ ጋፕ፣ 469 ደግሞ ቸሮኪ ዘንድ ነው። አድራሻው ሁሉ በዚህ ቁጥር ስለሚነገር መውረጃዎቹን በቁጥር መያዝ ይጠቅማል፦ በ45 ላይ ቡዌና ቪስታ፣ ከ112 እስከ 121 ሮአኖክ፣ በ165 ፍሎይድ፣ በ199 ፋንሲ ጋፕ፣ በ291 ብሎዊንግ ሮክና ቡን፣ በ331 ስፕሩስ ፓይን፣ ከ382 ጀምሮ አሽቪል። ቋቱ ትንሽ የሆነ ሞተር ያለው ሰው ግማሽ ሲደርስ ቢወርድ ከጭንቀት ይድናል።

የስልክ ኔትወርክ በብዙ ቦታ ይጠፋል። ካርታው አስቀድሞ ስልኩ ላይ ይውረድ፤ የወረቀት ካርታም ከነዳጁ ቋት ላይ በምትቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ከፍታ፣ ጭጋግና ወቅት

የፓርክዌዩ ዝቅተኛ ቦታ ማይል 63 ላይ፣ ጄምስ ወንዝ ዳር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 198 ሜትር ብቻ። ከፍተኛው ሪችላንድ ባልሳም፣ ማይል 431 ላይ፣ 1,845 ሜትር ይደርሳል። ይህ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ነው፤ ሐበሻውን ግን አያዘናጋው። ቦታው ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ በመሆኑ ብርዱ ከከፍታው በላይ ይበረታል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻ ሙቀቱን 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሊያወርደው ይችላል፤ በሚጋልብ ሰው ላይ ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ የባሰ ነው። በሐምሌም ቢሆን ሹራብና የዝናብ ልብስ ከላይ፣ በቶሎ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጣል።

ተራሮቹ ከሩቅ ሰማያዊ የሚመስሉት ዛፎቹ ወደ አየር በሚለቁት አይሶፕሪን በተባለ ውህድ ምክንያት ነው። ይህ ስስ ጭጋግ ውበት ነው። ሌላኛው፣ ደመናው ራሱ መንገዱ ላይ ሲተኛ የሚመጣው ጭጋግ ግን ከፊት ያለውን መስመር ይሰውራል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ወደ ሸለቆ መውረድ ነው፤ እታች ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው።

በሰኔ አጋማሽ አሽቪል አጠገብ ያለው ክራጊ ጋርደንስ በሐምራዊ ሮዶዴንድረን ይሸፈናል። የመከሩ ቀለም በጥቅምት መጀመሪያ ከከፍተኛው ቦታ ተነስቶ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ታች ይወርዳል፤ አንድ ሳምንት የዘገየ ሰው ቀለሙን ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። በእነዚያ ቅዳሜና እሑዶች ማደሪያ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። በክረምት በበረዶ ምክንያት ብዙ ክፍሎች ይዘጋሉ።

መዝጋት ሲነሳ፣ በመስከረም 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ በተለይ በሰሜን ካሮላይና በኩል መንገዱን በብዙ ቦታ ንዶታል። ያኔ ፓርክዌዩ በሙሉ ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል በክፍል እየተጠገነ ይከፈታል። ስለዚህ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያወጣው የመንገድ ሁኔታ መግለጫ ሳይታይ ቀን አይቆረጥም፤ መንገዱ በተዘጋበት ቦታ የሚተካው የገጠር መንገድም ቀድሞ ይመረጣል።

የጎን መንገዶች

እነዚህ የገጠር መንገዶች ራሳቸው የጉዞው ግማሽ ናቸው። ማይል 165 ላይ ወደ ፍሎይድ የወረደ ሰው ዓርብ ማታ ከደረሰ፣ በከተማዋ አሮጌ ሱቅ ውስጥ የተራራው ሕዝብ በቫዮሊንና በባንጆ ሲጨፍር ያገኛል። ማይል 412 ላይ 276 ቁጥር መንገድ ወደ ብሬቫርድ ሲወርድ ሉኪንግ ግላስ ፏፏቴ አስፋልቱ ዳር ይገኛል። ወደ ደቡቡ ጫፍ ሲቃረብ ማጊ ቫሊ የጥንት አሜሪካ ሠራሽ ሞተር ሳይክሎች ሙዚየም አላት። የማሽን ፍቅር ያለው ሰው ግማሽ ቀን ይመድብላት።

ከቸሮኪ ወደ ምዕራብ ያለፈ ሰው የ129 ቁጥር መንገድን ዝነኛ ቁራጭ ያገኛል። የዘንዶው ጅራት ይሉታል፤ በ11 ማይል ውስጥ 318 ኩርባ አለበት። ዲልስ ጋፕ ላይ፣ የወደቁ ሞተሮች ስብርባሪ የተንጠለጠለበት የሀፍረት ዛፍ የሚባል ዛፍ ቆሟል። ለችሎታ መፈተኛ የሚመጡበት መንገድ ነው፤ ጀማሪ ባይገባበት ይሻላል። ከዚያው አካባቢ ሮቢንስቪልን ከቴሊኮ ፕሌይንስ የሚያገናኘው፣ በ1996 የተከፈተው ቼሮሃላ ስካይዌይ ሰፋ ያሉ ኩርባዎች ስላሉት የፓርክዌዩን ስሜት ይበልጥ ይጠብቃል።

ዕቅዱ

ቨርጂኒያ፣ ሰሜን ካሮላይናና ቴነሲ ሦስቱም ማንኛውም ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ ያስገድዳሉ። መንጃ ፈቃዱ ላይ የሞተር ሳይክል ፈቃድ መኖር አለበት። ስካይላይን ድራይቭ መግቢያ ያስከፍላል፤ ፓርክዌዩ ነጻ ነው። ከመነሻው በፊት የጎማ ነፋስ፣ ሰንሰለት፣ ዘይትና ፍሬን ይታያሉ። ሻንጣ ሲታሰር ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ ይሁን፤ ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ክብደት ሞተሩን ኩርባ ላይ ያወዛውዘዋል።

አራት ቀን ያለው ሰው ዌይንስቦሮ፣ ፍሎይድና ብሎዊንግ ሮክ እያደረ በአራተኛው ማታ ወደ ቸሮኪ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ቀን ከሌሎቹ ስለሚረዝም ማልዶ መነሳት አለበት። መመለሻው በ81 ቁጥር አውራ ጎዳና አንድ ረጅም ቀን ይወስዳል፣ እሱም ተቆጥሮ ይያዝ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ሙሉውን አይመኝ። ቅዳሜ ስካይላይን ድራይቭን ጨርሶ ዌይንስቦሮ ይደር። እሑድ ፓርክዌዩ ላይ እስከ ማይል 27 ሄዶ በ56 ቁጥር መንገድ ወደ ቬሱቪየስ መንደር ይውረድ፤ ቁልቁለቱ ብርቱ ነው። ከዚያ የድሮውን የሸለቆ መንገድ፣ 11 ቁጥርን፣ ይዞ በስታንተንና በሃሪሰንበርግ በኩል ወደ ሰሜን ይመለስ። ቀሪውን 442 ማይል ሌላ ዓመት መጨረስ ይቻላል፤ 469ኙን በሁለት ቀን ጨርሶ የተመለሰ ሰው ግን ያየው አስፋልቱን ብቻ ነው።