የዛሉ ቲ ሴሎችን መልሶ ስለ ማንቃት

ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆኑት ቲ ሴሎች ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ ለይተው እንደሚያጠፉ ይታወቃል። በጉንፋን ጊዜ ሥራቸው በቀናት ውስጥ ይፈጸማል። እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለው ቫይረስ ለዓመታት በጉበት ውስጥ ሲሰነብት ግን ሴሎቹ ይዝላሉ፤ ይኸውም ጠላታቸውን እያወቁ መግደል ይሳናቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፥ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 254 ሚሊዮን ነበሩ። ያሉት መድኃኒቶች ቫይረሱን ቢያዳክሙም ፈጽሞ የሚያጠፉት እምብዛም ነው።

ለመዛሉ አንዱ ምክንያት በሴሉ ገጽ ላይ የሚገኘው ፒዲ-1 የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፥ እርሱንም ጃፓናዊው ሊቅ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 አግኝተውታል። ተግባሩ እንደ ልጓም ነው፤ ልጓም ባይኖር ቲ ሴሎች የገዛ አካልን ያጠቃሉ። በትምህርት ቤት «የሰውነት ወታደሮች» እያሉ ማስተማሩ ባይከፋም፥ ልጓሙን ሳይጠቅሱ ማለፍ ግን ግማሹን ማስቀረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲው ራፊ አሕመድ የመሩት ቡድን፥ ሥር የሰደደ የቫይረስ ሕመም ባለባቸው አይጦች ውስጥ ፒዲ-1 ከተጣማጁ ጋር እንዳይገናኝ በፀረ-አካል ሲከለክል፥ የዛሉት ሴሎች ነቅተው የቫይረሱ መጠን ቀነሰ።

በሰው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የተያዙት የጉበት ሕዋሳት ብዙ ከሆኑ፥ የነቁት ቲ ሴሎች እነርሱን ሲያጠፉ ጉበቱ ራሱ ይጎዳልና።