ከፊርማ በፊት፦ የውል ሕግ መሠረቶች ለንግድ ተማሪዎች

ዕቃ በዱቤ የሚወጣው፣ ባንክ የሚያበድረው፣ ሠራተኛ ወር ሙሉ ሠርቶ ደመወዙን በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ሰዎች የተስማሙበትን ይፈጽማሉ በሚል እምነት ነው። የንግድ ተማሪ በሒሳብ አያያዝም ሆነ በአስተዳደር ትምህርት የሚያጠናው ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው። እምነቱ ሲፈርስ መዳኛው የውል ሕግ ነው።

የኢትዮጵያ የውል ሕግ ለተዋዋዮች ሰፊ ነፃነት ይሰጣል። ምን እንደሚሸጡ፣ በስንት፣ መቼና እንዴት እንደሚያስረክቡ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ነፃነቱ ግን ዋጋ አለው፤ ከተስማሙ በኋላ ስምምነቱ ያስራቸዋል፤ ዳኛም ለከሰረው ወገን አዝኖ ውሉን አያሻሽልለትም። ስለዚህ ነጋዴ ራሱን የሚጠብቅበት ትልቁ ዕድል ያለው ከፊርማው በፊት ነው።

ሕጉ የት ይገኛል?

የአገራችን የውል ሕግ መሠረት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለ ውሎች በጠቅላላው የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 1675 ይነሣል። በዚህ ቁጥር መሠረት ውል ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ንብረትን የሚመለከት ግዴታ ለመፍጠር፣ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ሽያጭ፣ ብድር፣ ዋስትና፣ ኪራይና ሌሎችም ከዚህ በተጨማሪ የየራሳቸው ልዩ ደንብ አላቸው።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የንግድ ሕግ መማሪያዎችን የሚያነብ ተማሪ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ ቃል ኪዳን እንደ ውል እንዲጸና በአጠቃላይ በልዋጩ የሚሰጥ ዋጋ ያስፈልገዋል። የእኛ ሕግ ይህን አይጠይቅም። ቁጥር 1678 የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ችሎታ ያላቸው ሰዎች ጉድለት የሌለበት ፈቃዳቸውን መስጠታቸው፣ የውሉ ጉዳይ በበቂ ሁኔታ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆኑ፣ እንዲሁም ሕግ የተለየ አጻጻፍ ያዘዘ እንደሆነ ያ መሟላቱ።

እነዚህን ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንያዝ። በአዲስ አበባ የሚገኝ የቤት ዕቃ አምራች ለአንድ የሐዋሳ ሆቴል 80 ጠረጴዛና 320 ወንበር በ2 ሚሊዮን ብር ሊሠራለት ይነጋገራል እንበል።

ስምምነቱ የሚጸናው መቼ ነው?

ውል እንዲኖር አንዱ ወገን ሐሳብ ማቅረብ፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ ሐሳብ መቀበል አለበት። ይህ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት ወይም በድርጊት ሊገለጽ ይችላል። በሱቅ መስኮት የተደረደረ ዕቃ ወይም ለሁሉም የሚበተን የዋጋ ዝርዝር ብቻውን የውል ሐሳብ አይደለም። አምራቹ ለሆቴሉ ብሎ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ ዘርዝሮ «ለ15 ቀን የሚጸና» ብሎ የላከው ፕሮፎርማ ግን፣ እንደ አጻጻፉ፣ የውል ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ከሆነም ቀኑ እስኪያልፍ ድረስ አምራቹ በቃሉ ይታሰራል።

ሆቴሉ «ተስማምተናል፤ ማጓጓዣው ግን በእናንተ ወጪ ይሁን» ብሎ ቢመልስስ? ይህ መቀበል አይደለም። ሕጉ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንዳልተቀበለና አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይቆጥረዋል። አሁን መልስ የሚጠበቀው ከአምራቹ ነው። አምራቹ ዝም ቢል ውል የለም፤ በቁጥር 1682 መሠረት ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርምና። ሁለቱ ወገኖች ከዚህ በፊት ውል ኖሯቸው፣ ያንኑ ለመቀጠል ወይም ለማሻሻል አንዱ ልዩ ጽሑፍ ልኮ፣ በተገቢ ጊዜ ካልተመለሰ እንደተስማሙ እንደሚቆጥር ካስታወቀ ግን ዝምታ ሊያስር ይችላል። የቆየ ደንበኛ ያለው ነጋዴ የሚደርሱትን ደብዳቤዎች ሳያነብ መደርደር የማይገባው ለዚህ ነው።

ማን ይዋዋላል? በምን ፈቃድ?

ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሰው በአጠቃላይ ብቻውን ለመዋዋል ችሎታ የለውም። በንግድ ዓለም ብዙ ጊዜ ችግር የሚነሣው ግን በዕድሜ ሳይሆን በሥልጣን ነው። ሆቴሉ የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የሚፈርመው ሰው ሥራ አስኪያጅ ነው? ወይስ የውክልና ሥልጣን ያለው ሰው? የንግድ ምዝገባውንና የውክልና ሰነዱን ማየት አለመተማመን አይደለም፤ የሥራው አካል ነው።

ፈቃዱም ነፃ መሆን አለበት። ስህተት፣ ተንኮልና መገደድ ፈቃድን ያጎድላሉ። አምራቹ እንጨቱ ባሕር ዛፍ መሆኑን እያወቀ ሆቴሉን ለማታለል የዋንዛ ናሙና አሳይቶ ቢያስፈርም ሆቴሉ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ፈቃድን ያጎደለው ምክንያት ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

«ውድ ገዛሁ» ወይም «በርካሽ ሸጥኩ» ማለት ብቻውን ውል አያፈርስም። ቁጥር 1710 ውሉ ለአንዱ ወገን እጅግ ያደላ መሆኑ ብቻ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ ይናገራል። አንዱ የሌላውን ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት ተጠቅሞ ካስፈረመ ግን ፍትሕ በሚጠይቅበት ጊዜ ውሉ ሊፈርስ ይችላል።

የውሉ ጉዳይም በግልጽ የታወቀ ይሁን። «ጥሩ ጠረጴዛ» የሚለው ቃል ክርክር ይወልዳል። የእንጨቱ ዓይነት፣ ልኩ፣ ቀለሙና የማስረከቢያው ቦታ ሲጻፍ ግን ሁለቱም የሚጠብቁትን ያውቃሉ። የማይቻል፣ ሕገ ወጥ ወይም ከመልካም ጠባይ ውጪ የሆነ ጉዳይ ላይ የተደረገ ውል ግን ቢጻፍም ቢፈረምም አይጸናም።

ጽሑፍ ግዴታ የሚሆነው መቼ ነው?

ብዙ ሰው ያልተጻፈ ውል ውል አይመስለውም። በቁጥር 1719 መሠረት ግን ሕግ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ውል የተለየ አጻጻፍ አያስፈልገውም። የጠረጴዛዎቹ ስምምነት በስልክ ቢደረግም ውል ነው። ጽሑፉ የሚያስፈልገው ክርክር ሲነሣ ለማስረዳት ነው።

ሕግ ጽሑፍን የሚያዝባቸው ውሎች ግን አሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከቱ ውሎች በጽሑፍ ሆነው በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረጉ ሕጉ ያዛል። የዋስትናና የኢንሹራንስ ውሎችም በጽሑፍ ይደረጋሉ። ሕግ በጽሑፍ እንዲሆን ያዘዘው ውል በሚገደዱት ወገኖች ሁሉ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። የታዘዘው አጻጻፍ ከጎደለ ሰነዱ ረቂቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዋስ የሚሆን ሰው በተለይ ቁጥር 1922ን ይወቅ። ዋስትና በግምት አይታሰብም፤ በግልጽ መነገር አለበት። ውሉ ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ደግሞ አይጸናም። ገንዘብ የሚያበድር ደግሞ ቁጥር 2472ን ያስታውስ፤ ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም በመሐላ ነው። ብሩ ሲቆጠር አይተናል የሚሉ ምስክሮች መደርደር አበዳሪውን አያድነውም።

ቀብድ ምን ያደርጋል?

በአገራችን ገበያ እንደ ቀብድ የተለመደ ነገር ጥቂት ነው፤ ውጤቱን በትክክል የሚያውቀው ግን ብዙ አይደለም። ሆቴሉ 400 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠ እንበል። ቀብድ መስጠት በመጀመሪያ ውል መደረጉን ያረጋግጣል። በሌላ በኩል፣ ተዋዋዮቹ በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ፣ ቁጥር 1885 ለሁለቱም ከውሉ መውጫ በር ይከፍታል። ሰጪው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መተው ይችላል፤ ተቀባዩ ደግሞ መተው ከፈለገ እጥፉን፣ በምሳሌያችን 800 ሺህ ብር፣ ይመልሳል።

ይህ መውጫ በር የማይፈለግባቸው ጊዜያት አሉ። ሆቴሉ ለጥር ሰርግ ዕቃው የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ አምራቹ የተሻለ የሚከፍል ደንበኛ አግኝቶ እጥፉን ከፍሎ እንዲሄድ አይፈልግም። ስለዚህ የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ የሚለው በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። አንዲት ቃል የመቶ ሺዎችን ዕጣ ትወስናለች።

ውሉ ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው

ቁጥር 1731 የውል ሕጉ ሁሉ ምሰሶ ነው፦ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። ቃሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛ በትርጉም ሰበብ ከዚያ አይወጣም። ሁኔታዎች ተለውጠው ግዴታው ለአንዱ ወገን ቢከብድም ውሉ እንዳለ ይቆያል።

የዚህ ክብደት በተለይ ዋጋ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ይታያል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተመሠረተ ሥራ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ወጪው እንደሚጨምር ግልጽ ነበር። ቀለሙና ብረቱ ተወደደ ብሎ አምራቹ ከግዴታው ነፃ ይወጣል? በሕጉ መሠረት አይወጣም። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና መፈጸምን ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላን፣ እንደ ምድር መንቀጥቀጥና ጎርፍ ያለ የተፈጥሮ አደጋን፣ ጦርነትን፣ የባለ ግዴታውን ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም በምሳሌነት ይጠቅሳል። ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድን፣ በድርጅቱ ውስጥ የሚነሣ የሥራ ማቆም አድማንና ግዴታውን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን ከዚህ መዝገብ ያስወጣል።

ስለዚህ መፍትሔው በውሉ ውስጥ መገኘት አለበት። «የጥሬ ዕቃው ዋጋ ከዚህ መጠን በላይ ከጨመረ በዚህ ስሌት ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ የገባለት ነጋዴ ይተርፋል፤ ያላስገባው ኪሳራውን ይሸከማል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረጉ አስተዳደራዊ ውሎች በዚህ ረገድ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው ለብቻቸው መጠናት አለባቸው።

ውሉ ሳይፈጸም ሲቀርስ?

አምራቹ በቀኑ አላስረከበም እንበል። ሆቴሉ ቸኩሎ ከመክሰሱ በፊት እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል። በውሉ የተወሰነው ጊዜ ካለፈ በኋላ መፈጸም የማይቻል ወይም የማይጠቅም ሲሆን፣ ወይም ባለ ግዴታው አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ ሲያስታውቅ የመሳሰሉ ሁኔታዎች ማስጠንቀቂያን ያስቀራሉ። ቁጥር 1771 ከዚያ በኋላ ሦስት መንገድ ይከፍታል፦ ውሉ እንዲፈጸም ማስገደድ፣ ውሉን ማፍረስ፣ ከሁለቱም ጋር ሆነ ለብቻው ካሳ መጠየቅ።

በግድ ማስፈጸም የሚፈቀደው ለጠያቂው ልዩ ጥቅም ሲኖረውና የሌላውን ወገን የግል ነፃነት ሳይነካ ማስፈጸም ሲቻል ነው። ማፍረስም ለትንሽ ጉድለት አይፈቀድም። ከ320 ወንበር የሦስቱ ቀለም ቢለይ ውሉ አይፈርስም፤ ዕቃው ሁሉ ከሰርጉ በኋላ ቢደርስ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ካሳው በመሠረቱ የሚለካው ውሉ ባለመፈጸሙ ይደርሳል ተብሎ በተለምዶ በሚገመተው ጉዳት ነው። ሆቴሉ ከተለመደው የበለጠ ጉዳት የሚያደርስበት ልዩ ሁኔታ ካለው በውሉ ጊዜ ለአምራቹ ይንገረው። የሰርጉን ቀን በውሉ ላይ ያሰፈረ ሆቴል፣ ሰርጉ በመሰረዙ የደረሰበትን ትክክለኛ ኪሳራ ለመጠየቅ ጠንካራ መሠረት አለው። ተጎጂውም እጁን አጣጥፎ ጉዳቱ እስኪበዛ መጠበቅ አይችልም፤ ያለ ከባድ ወጪና ችግር ሊቀንሰው የሚችለውን መቀነስ ግዴታው ነው። ኪሳራን በማስረጃ ማሳየት ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ተዋዋዮች አስቀድመው መቀጫ ቢወስኑ ይመከራል፤ መቀጫ ጉዳት መድረሱ ባይረጋገጥም ሊጠየቅ ይችላል። የገንዘብ ዕዳ ከዘገየ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው።

መብትም ዕድሜ አለው። ሕግ አጭር ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ግዴታው ሊፈጸም ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

ስትፈርሙ እነዚህን ጠይቁ

ከፊታችሁ ያለው ሰው ለመፈረም ሥልጣን አለው? ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ሌላ ሰው አንብቦ በሚረዳው ልክ ተዘርዝሯል? ሕግ ጽሑፍ፣ ምስክር ወይም ምዝገባ ያዛል? የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ዋጋ ቢለወጥ፣ ቀን ቢያልፍ፣ አንዱ ወገን መተው ቢፈልግ ምን ይሆናል? ክርክር ቢነሣ በሽምግልና፣ በግልግል ዳኝነት ወይስ በፍርድ ቤት ይታያል?

እነዚህን ጥያቄዎች አፍ አውጥቶ መጠየቅ በአንዳንድ የንግድ ወዳጆች ዘንድ እንደ ድፍረት ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ወዳጅነትን የሚያበላሸው ግልጽ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት ሰዎች በየልባቸው የያዙት የተለያየ ግምት ነው። ሕጉ የተዋዋዮችን ቃል እንደ ሕግ አክብሮ ከተቀበለ፣ ተዋዋዮችም ቃላቸውን በሕግ አውጪ ጥንቃቄ ሊመርጡት ይገባል። ነገ ሥራ አስኪያጅ፣ ባንክ ሠራተኛ ወይም የራሱ ድርጅት ባለቤት ለሚሆን ተማሪ ይህ ጥንቃቄ ከየትኛውም የሒሳብ ቀመር እኩል የሙያው ክፍል ነው።