የደን አፈር ጠባይና አመዳደብ፤ ከጎብዬ ገደልና ሜዳ ምሳሌ ጋር

መግቢያ

ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው ጎብዬ ሲደርስ ሁለት መልክ ያለው አገር ያያል። በስተ ምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ ደጋ የሚያወጣው ገደል ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ እስከ ዞብል ተራሮች ግርጌ ድረስ ሜዳው ተዘርግቷል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን በማሽላ ምርቱ የታወቀ ነው። ገደሉ ግን በብዙ ቦታ ተራቁቶ ድንጋዩ ፈጥጦ ይታያል።

እነዚህ ሁለት ቦታዎች በአንድ የአፈር ታሪክ የተሳሰሩ ናቸው። ሜዳውን ያለመለመው አፈር አብዛኛው ከተራራው የወረደ ነው፤ ከተራራውም በተሻለ የሚበጀው ክፍል ደን ያበጀው አፈር ነበር። በዚህ ጽሑፍ የደን አፈር ጠባይ ምን እንደሆነ፣ በሳይንስ እንዴት እንደሚመደብና ደኑ ሲጠፋ ምድቡ እንዴት እንደሚለወጥ ይገለጻል። ዓላማውም መምህራን ትምህርቱን ከአካባቢያቸው አውጥተው እንዲያስተምሩ፣ የፕላን ሠራተኞችም በካርታ ላይ የሚያነቡትን የአፈር ስም ትርጉም እንዲያመዛዝኑ ለመርዳት ነው።

1. የደን አፈር አመጣጥ

አፈር የሚፈጠረው በአምስት ነገሮች ኅብረት ነው። እነዚህም መነሻ የሆነው ድንጋይ፣ የአየር ጠባይ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬቱ አቀማመጥና ጊዜ ናቸው። የወሎ ደጋና ገደል በአብዛኛው የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ከረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ማለት ከባዛልት ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ካልሲየምና ማግኒዚየም የመሳሰሉትን ለተክል ምግብ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮች ይሰጣል፤ ሸክላም ያወጣል።

በዚህ ድንጋይ ላይ ጥድ፣ ወይራና ሌሎች ዛፎች በቅለው ለረጅም ዘመን ሲኖሩ ሕይወት ያለው ነገር ድርሻው ይጐላል። ዛፉ በሥሩ ከጥልቅ የሳበውን ንጥረ ነገር በቅጠሉ አማካይነት ወደ ምድር ገጽ ይመልሳል። የረገፈውን ቅጠል ትላትል፣ ምስጥና በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ነፍሳት ያብላሉታል፤ ከአፈሩም ጋር ያዋሕዱታል። እንግዲህ የደን አፈር የምንለው ይህ ዑደት መልኩን የሰጠው አፈር ነው።

2. ንብርብሮቹና ጠባዮቹ

በደን ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ሲታይ አራት ንብርብሮች ይለያሉ። የመጀመሪያው ገና ያልበሰበሰና በመበስበስ ላይ ያለ ቅጠል ነው። ሁለተኛው ብስባሽ ከማዕድን ጋር የተዋሐደበት ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ አፈር ነው። ሦስተኛው ቀለሙ ፈካ ያለ፣ ሸክላው የበረከተ፣ ሥር ግን የሚያልፍበት አፈር ነው። አራተኛው በመበስበስ ላይ ያለ ድንጋይ ሲሆን ከሥሩ ጽኑው አለት ይገኛል። ባለሞያዎች እነዚህን በቅደም ተከተል ኦ፣ ኤ፣ ቢና ሲ እያሉ ይጠሯቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ዋነኛው ሁለተኛው ንብርብር ነው። አፈሩ በእጅ ሲፈረክስ እንደ ፍርፋሪ ይለያያል፤ በፍርፋሪዎቹም መካከል ብዙ ቀዳዳ ስላለ ዝናብ ሲወርድ ውሃው በገጹ ላይ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ናይትሮጅንና ፎስፎረስም በብስባሹ ውስጥ ተይዘው ቀስ በቀስ ለተክሉ ይለቀቃሉ። የዚህ ንብርብር ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ስንዝር አይበልጥም። የደን አፈር ሀብቱም ድካሙም በዚህ ላይ ነው፤ የሀብቱ ብዛት በቀጭን ገጽ ላይ ተከማችቷልና።

3. የአመዳደቡ ታሪክና መለኪያዎቹ

አፈርን እንደ ራሱ የቆመ የተፈጥሮ አካል አድርጎ ማጥናት የተጀመረው የሩሲያው ሊቅ ዶኩቻዬቭ ስለ ጥቁር አፈር እ.ኤ.አ. በ1883 ባሳተመው ጥናት ነው። በ1905 ጀርመናዊው የደን አፈር አጥኚ ራማን በቅጠለ ሰፊ ደኖች ሥር ለሚገኘው አፈር «ቡናማ አፈር» የሚል ስም ሰጠ። በ1974 የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዩኔስኮ ጋር ባወጣው የዓለም የአፈር ካርታ መፍቻ ላይ 26 ዐበይት ምድቦች ተዘረዘሩ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ አመዳደብ ደግሞ 32 ምድቦች አሉት።

በዚህ አመዳደብ «የደን አፈር» የሚባል አንድ ምድብ የለም። ምክንያቱም አፈር የሚመደበው በላዩ በቆመው ተክል ሳይሆን በንብርብሮቹ በሚለካው ጠባይ ነው። በወሎ ተራሮች ላይ ለደን አፈር የሚቀርቡት ሁለት ምድቦች ናቸው። አንደኛው ፊዮዜም ይባላል፤ ትርጉሙ ጠቆር ያለ ምድር ማለት ነው። በፊዮዜም ላይ ጥቁሩ ንብርብር በመደበኛው መለኪያ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከመቶ 0.6 እጅ ያላነሰ ኦርጋኒክ ካርቦን ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ካምቢሶል ሲሆን ስሙ ለውጥ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ መካከለኛው ንብርብር ከድንጋይነት መለወጡ የሚታወቅበት፣ ጥቁሩ ገጽ ግን ለፊዮዜም የተባለውን መለኪያ የማያሟላበት አፈር ነው። የራማን ቡናማ አፈር በአብዛኛው የሚመደበው በዚህ ውስጥ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በደቡብ ወሎ በደሴ አጠገብ የሚገኘው ማይባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጣቢያ በተቋቋመበት በዚህ ደጋማ ተፋሰስ ጥናት ሲደረግ ዋነኛው አፈር ፊዮዜም፣ በተጋለጡት ቁልቁለቶች ላይ ደግሞ ስስ ድንጋያማ አፈር ሆኖ ተገኝቷል። ከጎብዬ በላይ ያለው ገደልም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ምሳሌው ይጠቅማል። ሆኖም ከፍታው ሲቀንስ ሙቀቱ ስለሚጨምርና ዝናቡ ስለሚያንስ በየቦታው ጉድጓድ ሳይቆፈር ስም መስጠት አይገባም።

4. ደኑ ሲጠፋ የአፈሩ ስም ይለወጣል

ደኑ ተመንጥሮ ቁልቁለቱ ሲታረስ በመጀመሪያ የሚሄደው ጥቁሩ ንብርብር ነው። ውፍረቱ ከመለኪያው ሲያንስ ትናንት ፊዮዜም የነበረው አፈር ካምቢሶል ይሆናል። መታጠቡ ቀጥሎ ጽኑው አለት ከገጹ በ25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ሲገኝ ስሙ ሌፕቶሶል፣ ማለት ስስ አፈር ይባላል። ገበሬው ጭንጫ የሚለው በአብዛኛው ይህ ነው። ስለዚህ የስሙ መለወጥ ሀብት መጥፋቱን የሚመሰክር መዝገብ ነው።

ይህ ለውጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በሒሳብ መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተደረገ ግምት በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት በአማካይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል ይህ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። እንግዲህ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር በ30 ዓመት ገደማ፣ ማለት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ያልቃል። በተፈጥሮ የሚተካው ግን በዓመት ከአንድ ሚሊ ሜትር ክፍልፋይ አያልፍም።

ጉዳቱ በድርቅ ጊዜ ይገለጣል። አፈሩ ለተክል የሚሆን ውሃ ከመጠኑ ከመቶ 15 እጅ ይይዛል ብለን ብናሰላ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 90 ሚሊ ሜትር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ የቀረው ግን 30 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ሰብሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢጠጣ የመጀመሪያው 18 ቀን፣ ሁለተኛው 6 ቀን ብቻ ያቆየዋል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የጎዱት ረሀቦች ብዙ ምክንያቶች ነበሯቸው፤ ነገር ግን ዝናብ ለሁለት ሳምንት ሲቋረጥ በስስ አፈር ላይ ያለ ገበሬ ከሌላው ይልቅ አስቀድሞ እንደሚጠቃ ከዚህ ሒሳብ መረዳት ይቻላል።

5. ወደ ሜዳው የወረደው አፈር

ከገደሉ የታጠበው አፈር ሁሉ አይጠፋም። ከፊሉ በሆርማት፣ በጎሊናና በሌሎቹ ወንዞች እየተጓዘ በሜዳው ላይ ያርፋል። ደራሽ ውሃ በየጊዜው የደረበው ደለል ፍሉቪሶል ይባላል፤ ትርጉሙም የወንዝ አፈር ማለት ነው። ሸክላው በርክቶ በበጋ የሚሰነጠቀውና በክረምት የሚያብጠው፣ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ ቨርቲሶል ነው። የቆቦ ገበሬ በጎርፍ ጠለፋ ደራሽ ውሃ ወደ ማሳው ሲመራ እርጥበቱን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ ለም ደለል ጭምር ይወስዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ስጦታ ወሰን አለው። በገደሉ ላይ አፈሩ ሲያልቅ ጎርፉ የሚያወርደው ጠጠርና ቋጥኝ ይሆናል፤ ይህም ማሳ ይቀብራል፣ የወንዙንም አልጋ ያሰፋል። በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ገደል በራያ በኩል በአየር ፎቶግራፍ የተደረጉ ጥናቶች ቁልቁለቱ ተከልሎ ተክሉ ባገገመባቸው ቦታዎች የጅረቶች አልጋ እንደጠበበ አሳይተዋል። በቆቦና በጊራና ሸለቆ ለመስኖ የሚቀዳውም የከርሰ ምድር ውሃ ከገደሉ በሚወርደው ውሃ የሚታደስ ስለሆነ ጉዳዩ የሜዳውም ጉዳይ ነው።

6. ለመምህራንና ለፕላን ሠራተኞች

መምህሩ ይህን ትምህርት ያለ ብዙ ወጪ ማሳየት ይችላል። የመንገድ ቁራጭ ወይም የቦረቦር ግድግዳ የአፈሩን ንብርብሮች ያሳያል። ዕድሜ ጠገብ ዛፎች በቀሩበት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ አስተዳዳሪዎቹን አስፈቅዶ፣ ከዛፍ ሥርና ከተራቆተ ቁልቁለት አንዳንድ እፍኝ አፈር ይወሰድ። ተማሪዎች ቀለሙን፣ ፍርፋሪውንና በውስጡ የተገኘውን ሥር ያነጻጽሩ። ግራና ቀኙ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ በሁለቱም ቦታ መሬት ላይ ተተክሎ እኩል ውሃ ሲፈስበት የቱ ፈጥኖ እንደሚሰርግ በሰዓት ይለኩ። ከዚያም አፈሩ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ሲቀመጥ አሸዋው በደቂቃ፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ ሲረጋ ይመለከታሉ።

የፕላን ሠራተኛው ሁለት ነገሮችን ያስተውል። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የተዘጋጀው የአገሪቱ የአፈር ካርታ መጠኑ አንድ ለአንድ ሚሊዮን በመሆኑ አንድ ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር ነው። ገደሉና ሜዳው በጣት ጫፍ የሚሸፈኑበት ካርታ የአንድ ቀበሌን ማሳ ሊወስን አይችልም። ሁለተኛ፣ የሜዳው መስኖና የገደሉ ክለላ በአንድ ፕላን ሊታሰቡ ይገባል።

መደምደሚያ

የደን አፈር ጥበቡ በዝግታ መከማቸቱ፣ ጉዳቱም በፍጥነት መሄዱ ነው። ደኑን መልሶ መትከል የአፈሩን ስም በአንድ ትውልድ ላይመልስ ይችላል፤ የቀረውን ግን በቦታው ያቆየዋል። የጎብዬ ተማሪ በገደሉ ላይ አንድ ስንዝር ጥቁር አፈር ባየ ጊዜ ከሥሩ ያለው የማሽላ ማሳ ከየት እንደመጣ፣ ወዴትም ሊሄድ እንደሚችል ማንበብ ከቻለ ትምህርቱ ግቡን መቷል።