ኬዲን የጠበቅንበት ሰመር

እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደይ ወራት ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቢሮዬ ታክስ ሊያሠሩ የሚመጡ ታክሲ ነጂዎች፣ ወረቀታቸውን ከኤንቨሎፑ ሳያወጡ አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ ነበር፦ «ሒሳቡ ይበቃል?» የራሳቸውን ሒሳብ ማለታቸው አልነበረም። የቅርጫት ኳስ ኮከቡን የኬቨን ዱራንትን፣ የኬዲን ነው። ዱራንት የዚህ አገር ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን ተወልዶ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያደገ። ከኦክላሆማ ጋር የነበረው ኮንትራት በዚያ ሰመር ያልቃል፤ ዋሽንግተን ዊዛርድስም ከ2016 የሚሻገር ኮንትራት እየሸሸ ደመወዙን ሲያቀል የከረመው እሱን ብሎ ነው። አሠልጣኙን እንኳ ቀይሮ፣ ኦክላሆማ ሳለ ዱራንትን ያሠለጠነውን ስኮት ብሩክስን አምጥቶ ነበር።

እኔም እርሳስ አንስቼ እደምርላቸው ነበር። የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ከ70 ሚሊዮን ዶላር ወደ 94 ሚሊዮን ያሻቀበበት ዓመት ነው። የዊዛርድሱ ብራድሊ ቢል ፊርማውን ጥቂት ቀን ካዘገየ፣ ጣሪያው ሥር የሚይዘው ቦታ ኋላ ከሚከፈለው በጣም ያንሳል። የቀሩት አብዛኞቹ ኮንትራታቸው ያበቃል። «ይበቃል» እላቸው ነበር። ድምሩ ልክ ነበር። ዱራንት ግን ስድስት ቡድኖችን ሲያነጋግር ለዋሽንግተን ቀጠሮ እንኳ አልሰጠም፤ ጁላይ 4 ቀን ጎልደን ስቴትን መረጠ። ኋላም ባደገበት ከተማ መጫወት እንዳልፈለገ ተናገረ።

ሥራዬ ፔሮል ነው። አንድ ስም ከፔሮል ሲወጣ የሚተርፈውን ገንዘብ ባለቤቶች ባንክ እንደገባ ገንዘብ ይቆጥሩታል፤ በኤንቢኤ ደግሞ ይህ ስሕተት የባሰ ነው። አንደኛ፣ ቡድኑ ከጣሪያው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲያወጣ ሕጉ ያስገድደዋል፤ የተለቀቀው ገንዘብ ባዶውን ቁጭ አይልም። ሁለተኛ፣ ቡድን ጣሪያውን አልፎ እንዲከፍል የሚፈቀድለት በዋናነት የራሱን ተጫዋች መልሶ ሲያስፈርም ነው። በላሪ በርድ ስም የሚጠራው ይህ መብት ሙሉ የሚሆነው ተጫዋቹ ሦስት ዓመት ሲያገለግል ነው፤ ሰውየውን ያሰናበቱት ቀን ግን መብቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የ7 ሚሊዮን ተጫዋች ሲለቀቅ የሚጠፋው የ7 ሚሊዮን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቡድኑ ሲሞላ ያንን ቦታ እንደገና የሚተካበት መንገድም ይዘጋል።

ዊዛርድስ የሆነው ይኸው ነው። ለዱራንት የተቀመጠው ገንዘብ ኢያን ማሂንሚ ላይ በአራት ዓመት 64 ሚሊዮን፣ አንድሩ ኒኮልሰን ላይ በአራት ዓመት 26 ሚሊዮን ሆኖ ፈሰሰ። ማሂንሚ በመጀመሪያው ዓመት 31 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። ኒኮልሰንን ዓመት ሳይሞላው ብሩክሊን እንዲረከብ ለማድረግና የብሩክሊኑን ተጫዋች ቦግዳኖቪችን ለማግኘት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫ አብሮ ተሰጠ፤ ብሩክሊን በዚያ ምርጫ ጃሬት አለንን ወሰደ። አለን በ2022 ኦል ስታር ሆኗል። በ2017 ፕሌይኦፍ ደግሞ ዊዛርድስ ከቦስተን ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ሲደርስ፣ የቦስተን ተጠባባቂዎች 48 ነጥብ ሲያስቆጥሩ የዋሽንግተኖቹ 5 ብቻ አስቆጠሩ። ያን ሌሊት ለዓመታት የተራገፈው ሁሉ ወንበሩ ላይ ይታይ ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን እስከ ዛሬ የሚያብሰለስለኝ 2015-16 ነው። ዋሽንግተን ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ተከታታይ ሁለተኛው ዙር ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት 41 አሸንፎ 41 ተሸነፈና ፕሌይኦፍ አልገባም። ጉዳት ነበረ፣ ሌላም ነበረ። ነገር ግን ኔኔ፣ ጃሬድ ደድሊ፣ ራሞን ሴሽንስ፣ ጋሬት ቴምፕል እየተጫወቱ ያሉበት ቦታ ለሌላ ሰው የተያዘ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያወራ ነበር። ነገ የሚለቅ መሆኑ የተነገረውን ሠራተኛ እኔ በየወሩ አየዋለሁ፤ ሰዓቱን ያሟላል፣ ከሰዓቱ ያለፈውን ግን አይሰጥም። እንዲሰጥ ሊጠበቅበትም አይገባም። ዱራንት ራሱ በኖቬምበር 2015 ከኦክላሆማ ጋር ሲመጣ፣ ደጋፊው እሱን መለመኑ ለራሱ ተጫዋቾች ንቀት ነው ብሎ ነበር። እኛ ያን እንደ ትሕትና ወሰድነው። ዛሬ ሳስበው መልሱን ያኔውኑ ሰጥቶናል።

ማያሚስ? ይሉኛል። እውነት ነው፣ ማያሚ በ2010 ቤቱን ባዶ አድርጎ ሌብሮንንና ቦሽን አመጣ፣ ሁለት ዋንጫም በላ። ኮከቡ ድዋይን ዌድ ግን አስቀድሞ ቤት ውስጥ ነበር። ኒው ዮርክም በ2022 ደመወዝ አራግፎ ጄለን ብራንሰንን በ104 ሚሊዮን አስፈርሟል፤ ያራገፈው ግን ፊርማው በር ላይ ሲደርስ ነው። የብራንሰን አባት አስቀድሞ ከአሠልጣኞቹ አንዱ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ሊጉም ንግግሩ ከጊዜው ቀድሟል ብሎ ቡድኑን የሁለተኛ ዙር ምርጫ ቀጥቶታል። ፊላደልፊያ በ2024 ልክ እንደ ቢል የራሱን ተጫዋች የማክሲን ፊርማ አዘግይቶ ፖል ጆርጅን በ212 ሚሊዮን ወሰደ። እንግዳው መጣ፤ ጉዳት ተደራርቦ እሱ 41 ጨዋታ ተጫወተ፣ ቡድኑ 24 ብቻ አሸነፈ። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሰው የሚለቀቀው መልስ ሲገኝ እንጂ መልስ ፍለጋ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ደንበኛዬ ስሙ የገነነ ሼፍ ሊቀጥሩ አስበው ሁለት ወጥ ሠሪዎቻቸውን አሰናበቱ። ሰውየው ሁለት ጊዜ መጥቶ ኩሽናውን አይቶ ሄደ፤ ሦስተኛ አልመጣም። በሁለተኛው ወር እትዬ ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ ትንሿን ብመልሳት ስንት ያስወጣኛል?» አሉኝ።

ትንሿ አሁን የምትሠራበት ቤት ፔሮሉ እኔ ዘንድ ነው። የሚከፈላትን እስከ ሳንቲሙ አውቀዋለሁ፤ እርሳቸው ጋር ከነበራት በጣም ይበልጣል። የሌላ ደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ልነግራቸው አልቻልኩም። «እርስዎው ራስዎ ደውለው ቢጠይቋት ይሻላል፣ እትዬ» አልኳቸው።