አዲሱ ኮራል ቤትዎን እስኪለምድ

ኮራልን ድንጋይ ነው የሚለው ብዙ ነው፤ አበባ የሚለውም አይጠፋም። ኮራል ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ ፍጥረታት፣ እያንዳንዳቸው አፍና ቀጫጭን እጆች ኖሯቸው፣ ተያይዘው የሚኖሩበት መንደር ነው ቢሉት ይቀላል። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች በደባልነት ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ኮራሉን ይመግባሉ። ኮራሉ በሙቀት ወይም በብርሃን ሲጨነቅ ግን ደባሎቹን ያስወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ነጭ ይሆናል፣ ሳይመለሱ ከቆዩም በረሃብ ይሞታል። ገዝተው ካመጡት በኋላ የሚያደርጉት ጥንቃቄ አብዛኛው እነዚህ ደባሎች እንዳይወጡ ነው።

አኳሪየምዎ በቅርቡ የተሞላ ከሆነ ግዢውን ያቆዩት። ውሃው ለጥቂት ወራት ረግቶ መቆየት አለበት፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨውነቱ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይሁን። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም፤ ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባሕር ጨው ነው የሚያስፈልገው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በደንብ የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ።

ኮራሉ ቤት ሲደርስ የአኳሪየሙን መብራት ያጥፉ። ከነላስቲኩ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ ያንሳፉት። በአዲስ አበባ የክረምት ብርድ በመኪና የመጣ ላስቲክ በጣም ቀዝቅዞ ሊሆን ስለሚችል ይህን አይዝለሉት። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው ትንሽ ትንሽ የአኳሪየም ውሃ ወደ ላስቲኩ ይጨምሩ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ለሰዓታት የሚያንጠባጥቡ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ውሃው መልሶ ይቀዘቅዛል። የላስቲኩን ውሃ ግን ፈጽሞ ወደ አኳሪየሙ አይገልብጡ።

ቀጥሎ በሌላ ሳህን፣ ለኮራል ማጠቢያ በተሠራ ፈሳሽ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ ይንከሩት። ቀስ አድርገው ሲያወዛውዙት ጠፍጣፋ ትሎች ሲረግፉ ሊያዩ ይችላሉ። ፈሳሹ እንቁላላቸውን ስለማይገድል ከሥሩ የተለጠፈ ነገር ካዩ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፋቁት።

ብዙ ኮራል የሚጎዳው በመብራት ነው። ሱቅ ውስጥ የነበረበትን ብርሃን እርስዎ አያውቁትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ታች፣ አሸዋው ላይ ያስቀምጡት። የመብራቱን ኃይል ወደ ግማሽ ቀንሰው በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ወደ ቡናማ ከጠቆረ ብዙውን ጊዜ ብርሃን አንሶታል፤ ይህ አያስደነግጥም። ከነጣ ግን በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጥላ ያውርዱት፤ ሙቀቱንም ይለኩ። የውሃው ግፊት ደግሞ ፖሊፖቹን የሚያወዛውዝ እንጂ ወደ አንድ ጎን የሚያስተኛ አይሁን።

ለጎረቤትም ያስቡ። ቶርችና ሐመር የሚባሉት ዝርያዎች እጃቸውን ዘርግተው የቀረባቸውን ኮራል ይነድፋሉ፤ በዙሪያቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተዉ።

ከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ። ለቀናት ተዘግቶ ቢቆይ አዲስ ነገር አይደለም። ሌዘር ኮራል የሚባለውማ እንደ ሰም ያለ ስስ ሽፋን እስኪያወልቅ ከሳምንት በላይ ሊኮማተር ይችላል። በየቀኑ ቦታ መቀየር ልምዱን ከዜሮ ማስጀመር ነው።

ልጆች ላሉበት ቤት አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ዞአንቲድ የሚባሉት፣ አዝራር የሚመስሉ ባለ ቀለም ኮራሎች፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ያለ ጓንትና መነጽር አይንኳቸው። የተለጠፉበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብለው በፈላ ውሃ እንዳያጥቡ ወይም እንዳይቀቅሉ፤ በእንፋሎቱ ብቻ መላው ቤተሰብ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ከነኩ በኋላ የመተንፈስ ችግር፣ ትኩሳት ወይም የጡንቻ ሕመም ከተሰማዎት ፈጥነው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ኮራል እንደነኩም ይንገሩ።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ችግር ኦክስጅን ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ በአጠገብዎ ይኑር፤ መቋረጡ ከረዘመ መስታወቱን በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት።

ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ «በሻንጣ ላምጣልህ?» ካለዎት አይቀበሉ። አጽማቸው ጠንካራ የሆኑ ኮራሎች ሳይትስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው፤ ድንበር የሚሻገሩት በፈቃድ ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ኮራሉ ተከፍቶ ከሰነበተ በኋላ መመገብ መጀመር ይችላሉ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ እጆቹን ሲዘረጋ ፓምፑን ለ15 ደቂቃ ያቁሙና በጣም የደቀቀ ምግብ በጠብታ ይስጡት። ልጆቹን አስጠግተው ያሳዩአቸው፤ ፖሊፖቹ ምግቡን ይዘው ቀስ እያሉ ወደ አፋቸው ሲወስዱ በዓይን ይታያል። ሲጨርሱ ፓምፑን መልሰው መክፈትዎን አይርሱ።