ምዕራፍ ሰባት፦ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ፣ ባዶ

ይህ ምዕራፍ ከእናት አልጋ ጎን ስለሚጠጋው የጨቅላ አልጋ ነው። ሌሊቱን ሲነቃ ሲያሸልብ የሚያድር አዲስ ወላጅ አንድን ገጽ ሁለቴ የማንበብ አቅም ስለሌለው፣ በየክፍሉ መጨረሻ ቁም ነገሩን በአጭሩ እቋጥርለታለሁ።

መጀመሪያ ግን ንዴቴን ላውጣው። የሕፃን ዕቃ መደብር ገብቼ ሻጭ ለነፍሰ ጡር ሴት ስለ ፍራሽ ሲያስረዳ ስሰማ ዝም ብሎ መቆም ያቅተኛል። «እስቲ ይንኩት እትዬ፣ እጅዎ ስምጥ ነው የሚለው!» ይላታል። እሷም ትነካዋለች፤ እጇ ስምጥ ይላል፤ ደስ ይላታል፤ ትገዛለች። እጅ ከሰመጠ አፍንጫስ? ይህን የሚጠይቅ የለም። ፍራሽን ለጎልማሳ ወገብ እንደምንመርጠው ለሕፃንም ይመረጥ ማለት በዚህ ጉዳይ ከሰማኋቸው የተሳሳቱ ማብራሪያዎች ሁሉ የከፋው ነው።

አዲስ የተወለደ ልጅ ጭንቅላት የቁመቱን ሩብ ያህላል። አንገቱ ያን ሸክም እንደልቡ ማዞር አይችልም። ፊቱ ለስላሳ ነገር ውስጥ ከተቀበረ የተነፈሰውን አየር መልሶ ይስበዋል፤ ኦክስጅኑ እየሳሳ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እየበዛ ይሄዳል። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲሆን ይባንናል፣ ይገላበጣል። ጨቅላ ግን አንዳንዴ አይባንንም። አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም። ለዚህ ነው ሕይወቱ አንዳች ድምፅ ሳይሰማ የሚያልፈው።

ስለዚህ ፍራሹን በመዳፍዎ ጫን አድርገው ይልቀቁት። ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰና የእጅዎን ቅርጽ ካልያዘ ጥሩ ነው። «ይሄማ ይቆረቁረዋል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አይቆረቁረውም፤ ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሰው ፍራሽ ላይ የሚያርፈው በሦስት ኪሎ ተኩል ነው።

ሲቋጠር፦ ለእርስዎ እጅ የሚመች ፍራሽ ለሕፃኑ አፍንጫ አይመችም።

ስለ ምጣድ

ለእናቶች ሳስረዳ ሁልጊዜ ምጣድ እጠቅሳለሁ። ምጣድ ጉልቻው ላይ ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ እንጀራው በዚያ በኩል ይወፍራል፣ በወዲህኛው ይሳሳል። የሕፃን መኝታም ልኩ አግድም መሆን አለበት። ያዘነበለ ነገር ላይ የተኛ ጨቅላ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ የአየር መተላለፊያው ይጠባል።

ይህን የማወራው በግምት አይደለም። ፊሸር ፕራይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ሮክ ኤን ፕሌይ» የሚባል፣ ሕፃኑን ከፍ አድርጎ በማዘንበል የሚያስተኛ ዕቃ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚጠጋውን ከገበያና ከየቤቱ እንዲመለስ አደረገ፤ እስከዚያ ድረስ ከ30 በላይ ሕፃናት በዕቃው ውስጥ ሞተው እንደነበር ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የጨቅላ መኝታ እንዳይሸጥ ከለከለ። በአልጋው ዙሪያ የሚታሰሩትን ወፍራም የጎን ትራሶችም አብሮ አገደ። ልብ ይበሉ፣ እዚያ የታገደ ዕቃ እዚህ አይታገድም። ያገለገለ የልጅ ዕቃ ከዋሺንግተን በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ የላከችው አክስትም በፍቅር ነው የላከችው። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው ትልቁ የሕፃን አልጋ እንዲሁ ነው፤ ከሰኔ 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አይፈቀድም።

«ካላዘነበለማ ያስታወከው ትን ይለዋል» የሚለው ስጋት በየቤቱ አለ። የወሊድ ክትትል ለማድረግ ኮንዶሚኒየም ቤት ሄጄ አንዲት አያት ሕፃኑን በጎኑ አስተኝተው፣ እንዳይገለበጥ ከፊትም ከኋላም የተጠቀለለ ጋቢ አስደግፈውት አገኘሁ።

«እማማ፣ በጀርባው ቢተኛ ይሻላል» አልኳቸው።

«ሲስተር፣ እኔ ስድስት ወልጄ አሳድጌያለሁ።»

«እግዜር ያኑርልዎት። ግን ጋቢው ፊቱ ላይ ቢመጣስ?»

«በጀርባው አድርጌው ትን ቢለውስ? አንቺ ነሽ ሌሊት የምትደርሽለት?»

ወረቀት አውጥቼ ሁለት ቱቦ ሣልኩላቸው። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከሥር ነው። ወደ ጉሮሮ የተመለሰ ወተት አየር ቧንቧ ውስጥ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲደፋ ግን ቦታቸው ይገለበጣል፤ ወተቱ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። በጎኑ የተኛ ደግሞ በትንሽ እንቅስቃሴ በሆዱ ይደፋል። እማማ ወረቀቱን አስጠግተው አርቀው አዩት። «ይሄኛው የወተቱ ነው?» አሉ። «አዎ።» ሁለቱንም ጋቢ ከአልጋው አውጥተው አንዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ካመኑኝ ይሁን ቶሎ እንድሄድላቸው፣ የሕፃኑ እናት ብቻ ናት የምታውቀው።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991፣ አሜሪካ በ1994 «በጀርባ ይተኛ» የሚል ዘመቻ ጀምረው፣ አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ የጨቅላ ሞት በሚቀጥሉት ዓመታት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ አልተፈለሰፈም፤ የተቀየረው የሕፃኑ አተኛኘት ነው።

ወደ ምጣዱ ልመለስ፣ ገና አልጨረስኩም። አክንባሎ ከምጣዱ ጠርዝ ጋር ካልገጠመ እንፋሎቱ በክፍተቱ ያመልጣል። ፍራሹም ከአልጋው ግድግዳ ጋር እንዲሁ መግጠም አለበት፤ በዙሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አይሆንም። ምጣድ ላይ ከሊጥ በቀር ምን ይቀመጣል? ምንም። አልጋው ውስጥም ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ የለም። የእንጀራ ዓይን አየር እንዳለፈበት ይናገራል፤ የአልጋው ጎንም ወንፊት ጨርቅ ቢሆን አየር ያሳልፋል፣ እናትም ሳትነሳ ታየዋለች። አዲስ ምጣድ ደግሞ ሳይሟሽ አይጋገርበትም፤ አዲስ አልጋም የቀለሙና የሙጫው ሽታ እስኪለቅ መስኮት በተከፈተበት ክፍል ጥቂት ቀን ይቁም። ማሰሻውስ? ጎመን ዘሩስ? እሱን ለአንሶላው እንስጠው፦ ፍራሹን ወጥሮ የሚይዝ፣ ያልተጨማደደ አንድ ስስ አንሶላ ብቻ። አክንባሎ ላይ ግን ምሳሌዬ እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ እንጀራ ይከደናል፣ የሕፃን ፊት በፍጹም አይከደንም።

ሲቋጠር፦ አግድም፣ ክፍተት አልባ፣ ባዶ፣ በጀርባ።

አብሮ መተኛት፦ ሰው የሚሸሸው ክርክር

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃን ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ መኝታ ይደር ይላል። ከአልጋ ጎን የሚገጠመው መኝታ ይህን ምክር ለመፈጸም ይመቻል፦ እጅ የሚደርስበት ቅርብ፣ ግን የራሱ።

ምክሩ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ያናድደኛል። በአንድ ክፍል ቤት ሦስት ልጅ ይዛ የምታድር፣ ሌሊት አራት ጊዜ የምታጠባ እናት «አብረሽው አትተኚ» ተብላ ስትወጣ ምን ታደርጋለች? አብራው ትተኛለች። የባሰው ደግሞ አልጋው ላይ እንዳታሸልብ ፈርታ ሶፋ ላይ ሄዳ ስታጠባ ማሸለቧ ነው። ሶፋ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው፤ በሰውነቷና በመደገፊያው መሃል ሕፃኑ የሚገባበት ስርጉድ አለ። የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ጄምስ ማኬና እናትና ጨቅላ አብረው ሲያድሩ በቤተ ሙከራ አጥንቶ፣ ጡት ማጥባትና ጎን ለጎን መተኛት በተፈጥሮ የተያያዙ ናቸው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። እሱና አካዳሚው አልተስማሙም። እኔ ደግሞ ሁለቱም ካፋቸው የሚወጣውን ለየትኛዋ እናት እንደሚሉት ቢነግሩን ደስ ይለኛል። ያለጊዜው ለተወለደ ወይም ክብደቱ ላነሰ ሕፃን፣ ሲጋራ በሚጨስበት ቤት፣ አረቄ ለጠጣ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ለወሰደ ወላጅ አብሮ መተኛት ግልጽ አደጋ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

የምወደው ጥናት የሌላ ሰው ነው። የደርሃም ዩኒቨርሲቲዋ ሄለን ቦልና ባልደረቦቿ ኒውካስል ሆስፒታል ውስጥ አራሶችን በዕጣ ከፋፈሉ፦ ሕፃኑ ከእናቱ አልጋ ላይ፣ ከአልጋዋ ጎን በተገጠመ መኝታ፣ ወይም ራቅ ብሎ በቆመ አልጋ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ውጤት፣ የጎን መኝታ ያገኙት ከራቀው አልጋ ይልቅ ብዙ ጊዜ ለማጥባት ሞክረዋል፤ በዚህ ረገድ አብረው ከተኙት የሚያንሱ አልነበሩም። ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሻጮች ግን ስለ ጎማውና ስለ ቀለሙ ያወራሉ።

ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ የማኦሪ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. ከ2006 አካባቢ ጀምሮ «ዋሃኩራ» የተባለ ከተክል ቅጠል የተሸመነ ትንሽ መኝታ ይጠቀማል፤ በወላጆቹ አልጋ ላይ ይቀመጣል፣ ሕፃኑ በውስጡ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ይተኛል። አብሮ የማደርን ልማድ ሳይነቅፍ ለሕፃኑ የራሱን ቦታ ሰጠው። ስፌት የሚያውቁ እጆች በሞሉበት አገራችን ይህን የሞከረ ባለሙያ ባገኝ የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።

ሲቋጠር፦ እጅ የሚደርስበት ቅርብ፣ ግን የራሱ።

ሜትር ይዘው ይግቡ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት መኝታ ቤትዎን ይለኩ። ከወለሉ እስከ ፍራሽዎ አናት ስንት ነው? አልጋዎ ከሥሩ ክፍት ነው ወይስ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ያለው? ብዙዎቹ የጎን አልጋዎች እግራቸው ከእርስዎ አልጋ ሥር መግባት አለበት፤ ሣጥን ያለው አልጋ አያስገባቸውም፣ ስለዚህ ክፍተት ይቀራል። አናጢ የሠራቸው አልጋዎች ጎናቸው ላይ ከፍራሹ ከፍ ያለ ሳንቃ ካላቸውም አይገጥምም። ከሱቅ ያስመጡት ውድ አልጋ ሳሎን ቆሞ የልብስ ማስቀመጫ የሆነባቸው ቤቶች አውቃለሁ።

የሕፃኑ ፍራሽ ከእርስዎ ፍራሽ ጋር እኩል ይሁን። ሲገጥሙት ማሰሪያው ከእርስዎ ፍራሽ ሥር አልፎ ከማዶኛው የአልጋ ጎን ተወጥሮ ይታሰራል። ከዚያ መሃል መሃሉን በእጅዎ ይፈትሹ። ክፍተት ካለ እንደገና ይወጥሩ፤ በብርድ ልብስ አይድፈኑት፣ ብርድ ልብሱ ይላላል፣ ሕፃኑም ይከተለዋል። ጫፉ ላይ የሚረግብ ያረጀ የጥጥ ፍራሽ ካለዎት ደግሞ ይህ አልጋ ለእርስዎ አይሆንም፤ ለብቻው የሚቆመውን አጠገብዎ ያድርጉ። እናት ከአልጋ ስትነሳ የሚወርደው ጎን ወደ ላይ ይመለስ፣ ጎማውም ይቆለፍ። የሚወዛወዝ ከሆነ ሲተኛ መወዛወዙ ይዘጋ።

ቦታውም ያሳስበኛል። አራስ ክፍል ውስጥ ከሰል ይገባል፤ ለቡና፣ ለሙቀት፣ ለዕጣን። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል እናትንም ልጅንም ይገድላል። ምድጃው ውጭ ተቀጣጥሎ ውጭ ይቅር። ለብርዱ ሕፃኑን ራስዎ ከለበሱት አንድ ድርብ አስበልጠው ያልብሱት። ወባ ባለበት ቆላ አጎበር ያስፈልጋል፤ ከላይ ይሰቀል፣ ጠርዙ ከአልጋው ውጭ ወርዶ ከሥር ይጠቅጠቅ፣ ወደ ውስጥ አይንጠልጠል።

ይህ አልጋ የሚያገለግለው ሕፃኑ በእጅና በጉልበቱ መነሳት ወይም መገላበጥ እስኪጀምር ነው፤ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ወር። ከዚያ ወደ ትልቁ ይዛወራል። ለስድስት ወር ዕቃ ብዙ ብር አያውጡ።

አናጢ ጋ የሚያሠሩ ከሆነ ልኩን እነሆ። በቋሚዎቹ እንጨቶች መሃል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፤ የለስላሳ ጣሳ ካለፈ ሰፊ ነው። ጎኑ ከፍራሹ በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁም፤ ወፍራም ፍራሽ ካስገቡ ይህ ቁመት ያንሳል፣ ስለዚህ ፍራሹን አስቀድመው ይግዙና ለአናጢው ይስጡት። ቀለሙን በቆርቆሮው ላይ ያንብቡ፦ አገራችን በደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ጨቅላው አልጋውን የሚልስበት ዕድሜ ገና ቢሆንም፣ አልጋው ለታናሹና ለጎረቤት ይተላለፋል፣ ጥርስ የሚያበቅል ልጅ አንድ ቀን ጠርዙን ይነክሰዋል። አናጢው በአራቱ ማዕዘን ለጌጥ ጉጥ ያለው ምሰሶ፣ በራስጌውም የልብ ቅርጽ ቀዳዳ ልሥራ ካለ አመስግነው እምቢ ይበሉ፤ በጉጡ ልብስ ይያዛል፣ በቀዳዳው እጅና አንገት ይገባል። መገጣጠሚያው በብሎን ይሁን እንጂ በሚስማር አይሁን፤ አልጋው ፈርሶ እንደገና ሲሠራ ሚስማሩ ይላላል።

ሲቋጠር፦ መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይግዙ ወይም ያሠሩ።